ቴምፔ የጠቀለልኩባቸው ስድስት ገጾች

አሁን መናገር ይቻላል። ወረቀቱ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያም ተነግሯል፣ ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። እንግዲህ ጠጋ በሉ። ሰው እንደሆነ እያጋነነ ነው የሚያወራው። አንዱ "ምባህ ሳሚንተን፣ ያቺ አያት፣ የመንግሥት ሰነድ ሸጠች" ይላል፣ ሌላው "ልጇን ዘብጥያ አወረደች" ይላል። ውሸት ነው! አልሸጥኩም። ልጄም አልታሰረችም። የሆነው ከዚህ ያነሰም ነው፣ የባሰም ነው።

መቼም እኔ ደጃፌ ላይ ጥብስ እንደምሸጥ ታውቃላችሁ፤ ሙዝ፣ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር ቴምፔ። የኔን ቴምፔ ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር የበላ ሰው ሌላ ዘንድ አይሄድም፣ ራሴን ማመስገኔ አይደለም። ጥብስ ደግሞ በወረቀት ነው የሚጠቀለለው። ድሮ ጋዜጣ ነበር፤ አሁን ሁሉም ስልኩ ላይ አፍጥጦ ጋዜጣ የሚገዛ ጠፋ። ስለዚህ የቢሮ ወረቀት ነው። ከፍርድ ቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያ የተጣለው ገበያ ላይ በኪሎ ይሸጣል።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ግን የሰው ስም ማንበብ አያቅተኝም። ሳልጠቀልልበት በፊት ደግሞ አነባለሁ፣ ምን ይደረግ! የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ፍቺ መጠየቋን ባልየው ሳይሰማ እኔ ሰምቼ ነበር። ያንን ወረቀት ለማን ጠቅልዬ ሰጠሁ መሰላችሁ? ለእናቱ። ምን ላድርግ፣ ተራው የሷ ነበር።

ልጄ ፑርዋንቲ የመንግሥት ሠራተኛ ነች። ነገሩ እንዲህ በአንድ አፍ የሚነገር አይደለም። አስራ አንድ ዓመት በኮንትራት ሠርታ፣ ሦስት ጊዜ ፈተና ወድቃ፣ በአራተኛው ነው ቋሚ የሆነችው። ባሏ ካሊማንታን ደሴት ላይ የጭነት መኪና ይነዳል፣ በዓመት አንዴ ይመጣል፣ እሱም ከመጣ ነው። ቃለ መሐላ የፈጸመች ቀን እኔም ሄጃለሁ። ካኪ የደንብ ልብሷን በካውያ ተኩሼ፣ ሸሚዟ ላይ አንዲት መስመር እንኳ እንዳትጣመም አድርጌ። ቁርአኑን ከራሷ በላይ ይዘውላት፣ "በባሕሪው ወይም በትእዛዝ ምስጢር የሆነውን ነገር እጠብቃለሁ" ስትል እኔ ከኋላ ቆሜ አለቅሳለሁ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ፣ "ልጅሽ ናት? ምስጢር የምትጠብቅ ትመስላለች፣ ከንፈሯ ቀጭን ነው" አለችኝ። "በአባቷ ወጥታ ነው" አልኳት።

ፑር የምትሠራው የመሬት ጉዳይ መዝገብ ቤት ነው። ቤት ስትመጣ ስለ ሥራዋ ትንፍሽ አትልም። "ዛሬ ምን ሠራሽ?" ስላት "ወረቀት" ትለኛለች። "ወረቀቱ ምን ይላል?" ስላት፣ "እማዬ፣ እርስዎ ሩዝዎን ይብሉ።" ከራሴ ማሕፀን የወጣች ልጅ!

ነገሩ የሆነው በዝናብ ወቅት ነው። መብረቅ ወርዶ የቢሮው መብራት ድርግም አለ። አለቃዋ ፓክ ሀርጎ፣ ያ ጢሙን ቀለም የሚቀባው፣ "ቤትሽ ወስደሽ ጨርሺው፣ ነገ በጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ እፈልገዋለሁ" አላት። በቃል ነው ያላት። ከቢሮ የማይወጣ ሰነድ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። አለቃ ሲያዝ ግን እኛ አገር "እሺ ፓክ"፣ እሺ ጌታዬ፣ ነው የሚባለው። ሃያ ሁለት ገጽ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ የተደለዘ። እሷ ስታስተካክል አመሸች፣ ንጹሑን አተመች፣ አሮጌውንም ንጹሑንም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተኛች። ለካስ አሮጌው ተቆጥሮ ተመልሶ፣ ሰው ፈርሞ፣ ሰው እያየው ነው የሚቃጠለው። እኔ ይህን በምን አውቃለሁ?

በነጋታው ጠዋት ዘይቴ ግሏል፣ ቴምፔዬ በሊጥ ተነክሯል፣ እጄን ወደ ወረቀቱ ክምር ብሰድ አንድ ደረቅ ወረቀት የለም። ዝናቡ በጣራው ገብቶ አበስብሶታል። ፑር እየታጠበች ነበር። ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ክፍት ነው። አየሁ፤ በቀይ የተሰረዘ ወረቀት። የተሰረዘ ነገር ምን ይሆናል፣ የተጣለ ነው አልኩ። ከታች ስድስት ገጽ መዘዝኩ። ስድስት ብቻ! ስግብግብ ሴት ብሆን ሁሉንም እወስድ ነበር።

በልማዴም አነበብኩት። የሰው ስም ዝርዝር ነው፣ የኛ ሰፈር ሰዎች። የሟቹ የካርቶሱማርም ስም አለበት፣ የጎረቤቴ የዋጊራህ ባል። "ይሄ ሰውዬ ሞቶም ግብር ይጠይቁታል" ብዬ ሳቅሁ። የግብር ዝርዝር መስሎኝ ነው። ከዝርዝሩ በላይ የመንገድ ሥዕል አለ፣ ጥቁር መስመር የሩዝ ማሳውን ሰንጥቆ ያልፋል። ሥዕሉን ልብ ብዬ አላየሁትም። እኔ ሰው ነው የምወደው፣ መስመር ምን ያደርግልኛል።

ሁለቱን ገጽ ለልብስ ሰፊዋ ጠቀለልኩ። አንዱን ለሚኒባሱ ሹፌር። ሦስቱን ለሐጂ ማስኩር፤ እንግዳ አለብኝ ብሎ ሠላሳ ቴምፔ አዞኝ ነበር። ሐጂ ማስኩርን ታውቁታላችሁ፣ መሬት ሻጭና ገዢ የሚያገናኘው፣ ወርቅ ጥርስ ያለው።

ፑር እኩለ ቀን ላይ ተመለሰች። በዚያ ሰዓት ተመልሳ አታውቅም። የዝናብ ኮቷን እንደለበሰች ፊቴ ቆመች፣ ውሃው ከኮቷ ላይ ይንጠባጠባል።

"እማዬ፣ ቦርሳዬን ነክተዋል?"

"የምን ቦርሳ?"

"ስድስት ገጽ ጎድሏል። ሃያ ሁለት ነበር።"

"ታዲያ አስራ ስድስቱ አይበቃቸውም?" አልኩ። አፌ እኮ ነው! አፌን አላህ ይይልኝ!

 ከዚያ አጎንብሳ የቆሻሻውን ቅርጫት ገለበጠች፣ በዘይት የራሰውን ወረቀት አንድ በአንድ ዘረጋጋችው። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ "እርስዎ" ስትለኝ ኖራለች፣ በቁጣዋም በልቅሶዋም። ያን ቀን ግን፣ "አንቺ ምን አደረግሽ?" አለችኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር።

ማን ማን ጋ እንደሄደ ነገርኳት። ሮጠን ሄድን፣ እሷ በሞተሯ፣ እኔ ከኋላ ተለጥፌ። ልብስ ሰፊዋ እሳት አያይዛበታለች። ሹፌሩ በመስኮት ወርውሮታል። ሐጂ ማስኩር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይፋቃል።

"የምን ወረቀት ነው ልጄ?" አላት።

"ፓክ ሐጂ፣ ትላልቅ ሦስት ወረቀቶች፣ በቀይ የተጻፈባቸው።"

"ዘይት የጠጣ ወረቀት እኔ ምን ያደርግልኛል? ወንዝ ወርዷል።" ወደ እኔ ዞረ። "ምባህ፣ ቴምፔሽ ግን ዛሬ ልዩ ነበር።"

ሲስቅ ወርቁ ብልጭ አለ። ያኔ አወቅሁ። ሰው የረባ ነገር ሳያገኝ እንዲህ አይስቅም።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ማስኩር ንጹሕ ጫማ ካደረጉ ሁለት ሰዎች ጋር በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ ሲሄድ ታየ። ጫማቸው እንዳይጨቀይ እንደ ሽመላ እግራቸውን እያነሱ። መንደሩ በሙሉ "ምን ፈልገው ይሆን?" ይላል። እኔን ይጠይቁኛል። እኔን እኮ ነው! ሁልጊዜ እኔን ነው የሚጠይቁት። "ዓሣ ማርባት ፈልገው ይሆናል" አልኳቸው።

ፑር ራሷ ሄዳ አመለከተች። "አትሂጂ፣ አይጥ በላው በይ፣ ጎርፍ ወሰደው በይ፣ እኔ ሦስት የተሻለ ውሸት እሰጥሻለሁ" አልኳት። "ምዬበታለሁ፣ እማዬ" አለች። ጽፋ አስገባች። ፓክ ሀርጎ ተጠርቶ፣ "ቤት ውሰጂ አላልኳትም፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር እላለሁ?" አለ። በቃል ያለውን ማን ይመስክርበት? መብረቁ ይመስክር?

ከዚያ ከከተማ መርማሪ መጣች፣ ቡ ላክስሚ የምትባል፣ ቀጭን፣ መነጽር ያላት፣ ጨዋ። ጨዋነቷ ነው የገደለኝ። ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ። ሻይ ቀዳሁላት፣ ስኳር አበዛሁበት፣ ጠጣችው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። "ጻፊ። ሳሚንተን ሰርቃ ወሰደች በይ። እኔን እሰሩኝ። እስር ቤቱ ውስጥ ጥብስ እጠብሳለሁ፣ ለናንተም ይጠቅማል።"

ሳቀች፣ ደግነት ባለው ሳቅ። "ምባህ፣ እርስዎን ማንም አይከስዎትም። እርስዎ ቃል አልገቡም። ቃል የገባችው ልጅዎ ናት። ወረቀቱ እናት ቢወስደው፣ ሌባ ቢወስደው፣ ነፋስ ቢወስደው፣ የሚጠየቀው እንዲጠብቀው የተሰጠው ሰው ነው።"

"አለቃዋስ?"

"አለቃዋ የጻፈው ነገር የለም።"

"ሐጂ ማስኩርስ? ወረቀቱ እሱ ጋ ነው! በወርቅ ጥርሱ አይቼዋለሁ!"

ጻፈችው። ወርቅ ጥርስ የሚለውን ግን አልጻፈችም፣ እጇን እያየሁ ነበር። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ምባህ፣ አሁን የምነግርዎትን በደንብ ይስሙኝ። ያነበቡት ነገር ምን እንደሆነ ገብቶዎታል?"

ገብቶኝ ነበር። የሐጂውን እንግዶች ንጹሕ ጫማ ተከትዬ ደርሼበታለሁ። መንገድ ሊያልፍ ነው፤ ስማቸው የተጻፈው ሰዎች መሬታቸው በመንግሥት በደህና ዋጋ ይገዛል። ለዚህ ነው በምስጢር የተያዘው፤ እንደ ሐጂ ማስኩር ያለው ቀድሞ ገብቶ ከድሃው በርካሽ እንዳይሰበስብ።

"ይኸው ወጥቷል እኮ!" አልኳት። "ያወቀው እንደሆነ አውቆታል። አሁን ለድሆቹ ብንነግራቸው ምን አለበት?"

"ቢወጣም ምስጢር ነው። መንግሥት ራሱ እስኪያውጅ ድረስ ምስጢር ነው። አንድ ሰው ስለሰማ ለሁሉም ይነገር አይባልም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የልጅዎ ጉዳይ አሁን ያለው ቸልተኝነት ላይ ነው፤ ቸልተኝነት ከሥራ ደረጃ ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ ቤት አንዲት ቃል ተጨማሪ ከወጣች ግን ሆነ ብላ አሳልፋ ሰጠች ይባላል። ያኔ ጉዳዩ ከኔ እጅ ወጥቶ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል። ዐቃቤ ሕግ ሻይ አይጠጣም፣ ምባህ።"

ከተጻፈው ሥር ይፈርሙ አለችኝ፣ ፈረምኩ። ስሜን ለመጻፍ ጊዜ ይወስድብኛል፤ እሷ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።

አሁን ወደ ዋጊራህ እንምጣ። 

ዋጊራህ ከእኔ ጋር በአንድ አጥር የምትኖር ናት፣ አርባ ዓመት። ፑር ሕፃን ሆና ወባ ሲይዛት በወገቧ ተሸክማ ወንዝ ያሻገረቻት እሷ ናት፤ እኔ አራስ ነበርኩ። ባሏ ሲሞት የቀራት ያች ማሳ ናት። ልጇ ካስዊን ኮሪያ ሄጄ ፋብሪካ እሠራለሁ ብሎ ቋንቋውን ተምሮ ፈተናውን አልፏል፣ የመሄጃው ገንዘብ ብቻ ነው የጎደለው። ሐጂ ማስኩር ይህን ያውቃል። የማያውቀው ነገር የለም፤ እሱ ከእኔ የባሰ ነው፣ ልዩነታችን እኔ በነፃ መናገሬ ነው።

አንድ ከሰዓት ዋጊራህ መጥታ አግዳሚዬ ላይ ተቀመጠች፣ ሙዝ አንስታ መብላት ጀመረች።

"ሐጂው ማሳዬን ልግዛሽ አለኝ።"

ዘይቱን ማማሰል ቀጠልኩ።

"ሰማሽኝ? ዋጋው ትንሽ ነው፣ ግን ባንድ ጊዜ ይሰጠኛል። ካስዊን ከረመዳን በፊት ይሄዳል። ምን ትያለሽ?"

ምን እላለሁ? ፑር መስኮቱ ሥር ልብስ ታሰጣለች። እጇ አንድ ካኪ ሸሚዝ ላይ ቆሟል።

"ምን አስቸኮለሽ?" አልኩ።

"ኮሪያዎቹ ናቸው ያስቸኮሉኝ፣ ቀን ቆርጠዋል።"

"የሟች መሬት፣ ከሞተ በሺኛው ቀን የሚበላው ሰደቃ ሳይደርስ አይሸጥም። ነውር ነው። ባልሽ ይቆጣል።"

"ኧረ በአላህ! ሺኛው ቀን ከወጣ ሁለት ወር ሆነው። አንቺ ራስሽ ሁለት ሳህን በልተሽ ለቤትሽም ጠቅልለሽ ወስደሻል!"

እውነቷን ነው። ወስጃለሁ።

"እንደው የዘንድሮ ሩዝ እስኪታጨድ ጠብቂ" አልኳት።

"ለምን?"

"እንደው ነዋ።"

ሙዙን አስቀመጠች። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ። "ሳሚንተን፣ የምታውቂው ነገር አለ አይደል? ፊትሽን አውቀዋለሁ። ወሬ ሲኖርሽ አፍንጫሽ ይሰፋል። በይ ንገሪኝ።"

ወላሂ፣ ምላሴ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። "አትሽጪ" ማለት አንዲት ቃል ናት። አይኔን ወደ መስኮቱ ብጥል ፑር ሸሚዙን ደረቷ ላይ ጨምቃ ይዛ ቆማለች፣ ውሃው በእግሯ ላይ ይወርዳል። አትናገሪ አላለችኝም። ተናገሪም አላለችኝም። እሷም እኮ በዋጊራህ ወገብ ላይ ያደገች ናት።

"ምንም አላውቅም" አልኩ።

ዋጊራህ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አንቺ ምንም አታውቂም! ዛሬ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች! ካስዊን፣ ና ስማ፣ ምባህ ሳሚንተን ምንም አላውቅም አለች!"

ከሄደች በኋላ ፑር ገባች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ጠብቂ ማለትም መናገር ነው እማዬ" አለችኝ። "ፍንጭም ይቆጠራል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አላውቅም" አለች። "እኔም ጠፍቶብኛል።" ቡ ላክስሚ ጋ ሁለት ጊዜ ጽፋ ነበር፤ ማስታወቂያው ይፍጠን፣ ሰው እየተጎዳ ነው ብላ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ ጉዳዩ በሚመለከተው አካል እየታየ ነው የሚል። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እኔም ወረቀት ላይ አግኝቼው አላውቅም።

ስምንት ቀን አሰብኩ። ማታ ስተኛ ልንገራት ብዬ በሆዴ አስቤ፣ ጠዋት ስነሳ እተወዋለሁ። በሌላ ሰው በኩል ላስነግራት አልኩ፤ ከዚህ ቤት የወጣ ቃል እንደሆነ ግን ልጅም ያውቀዋል። ሐጂውን ልለምነው ሄድኩ። "ምባህ፣ እኔ ማሳ ወድጄ ነው የምገዛው፣ ሩዝ እወዳለሁ" አለኝ። ሩዝ እወዳለሁ!

በፊርማው ቀን ዋጊራህ ምስክር ሁኚኝ ብላ መጣች። ለሽያጭ ሁለት ጎረቤት ይፈለጋል፤ አንደኛው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፣ ሁለተኛዋ እኔ። እምቢ ብል ለምን ትለኛለች። ሄድኩ። ንጣፍ ተነጥፏል፣ ሻይ ቀርቧል፣ ካስዊን አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ዋጊራህ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። ቀጥሎ ወረቀቱ ወደ እኔ ተገፋ። ሐጂው ስሜ የሚያርፍበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ጻፍኩ። ዋጊራህ አይታኝ፣ "ምን ሆንሽ? ሻዩን እንኳ አልነካሽውም" ብላ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችኝ። "ትኩሳት የለሽም" አለች። "የለኝም" አልኩ።

ካስዊን ሄደ። በሄደ በአምስተኛው ወር ዝርዝሩ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በካርቶሱማር ስም ላይ መስመር ተሰምሮ ከላዩ ሐጂ ማስኩር ተብሎ ተጽፏል።

ፑርን ከደረጃዋ ዝቅ አድርገው ተራራው ላይ ያለ ትንሽ ጽሕፈት ቤት ሰደዷት፣ በሞተር ሁለት ሰዓት። አልታሰረችም። ፓክ ሀርጎ ያው ጢሙን ይቀባል።

ዋጊራህ ከቀበሌ በቀጥታ እኔ ጋ ነው የመጣችው። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም። ቆማ ነበር።

"አውቀሽ ነበር?"

አሁን ተፈቅዶልኛል፣ ተለጥፏል፣ መናገር እችላለሁ። "አውቄ ነበር" አልኳት።

"የባሌን ውሽማ ስም ሳልጠይቅሽ የነገርሽኝ ሴትዮ! በሰደቃው ቀን፣ ሩዝ እየበላሁ! ይህንን ግን ደበቅሽኝ?"

"ፑርን ያስሩብኛል አሉኝ" አልኩ። "ልጄ ናት፣ ዋጊራህ።"

ፑር ያን ዕለት እረፍት ላይ ነበረች፣ በሩ ላይ ቆማለች። ዋጊራህ አየቻት። እኔ ትሰድባታለች ብዬ ፈራሁ። አልሰደበቻትም። ከእግሯ ሊወልቅ የነበረውን ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ጣቶች አስተካክላ ወደ ቤቷ ዞረች፣ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"እኔስ ልጅ የለኝም እንዴ?" አለች።

  ገብታ በሩን ዘጋች፤ እኔም ዘይቱ እያረረ ቆሜ ቀረሁ።